ከፍርምባው በስተጀርባ

የአባቷን ደረት ማንበብ የሲታና ተራ አልነበረም። በምስል ክፍሉ አብሯት የሚሠራው ሐኪም ግን የታመመች እናቱን ሊጠይቅ ፖርት ሱዳን ወርዶ ስለነበር፣ በዚያ የካርቱም የልብ ሆስፒታል ውስጥ ሌላ የሚያነብ ሰው አልተገኘም። መጋረጃውን ዘጋች። የተጎናጸፈችውን ቶብ ጫፍ ትከሻዋ ላይ ሰብስባ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች፤ የአባቷ የሐጅ አልዘይን ደረት እንደ ዳቦ በስሱ ተቆራርጦ ከፊቷ ተደረደረ።

መጀመሪያ ያየችው ፍርምባውን ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አማን ከተማ በተደረገላቸው የልብ ቀዶ ጥገና ተሰንጥቆ በሽቦ የተሰፋው አጥንት በደንብ ገጥሟል። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ግድግዳ በኖራ ተለስኗል። ይህን ጠብቃው ነበር። ወደ ታች ስትወርድ ግን እጇ ቆመ።

ልክ ከአጥንቱ ጀርባ እንደ መርፌ ጫፍ የሚያበሩ ነጠብጣቦች ተሰልፈዋል። የአማኑ ሐኪም ያኔ ከደረት ግድግዳ ላይ አንዲት ቀጭን የደም ስር አላቅቆ ልብ ላይ ሲቀጥል፣ ቅርንጫፎቿን የቆነጠጠባቸው ጥቃቅን ብረቶች ናቸው። ከእግር ተወስደው የተቀጠሉት ሌሎቹ ስሮች ሁሉ ተደፍነዋል። ሐጅ አልዘይን በሕይወት ያሉት በዚያች በአንዷ ነው። ብረቶቹ በስተግራ ርቀው መታየት ሲገባቸው ወደ መሃል መጥተው፣ ደረታቸው ዳግም ሲከፈት መጋዙ በሚያልፍበት መስመር ላይ ከአጥንቱ ጋር የተጣበቁ ይመስላሉ።

ይመስላሉ እንጂ ናቸው ለማለት አልቻለችም። ምስሉ ያለ ማቅለሚያ መድኃኒት የተነሳ ስለሆነ ስሩንም ጠባሳውንም አንድ ዓይነት ግራጫ አድርጎ ነው የሚያሳየው።

መጋዙን የሚይዘው ደግሞ አብከር ነው።

አብከር በምዕራብ ሱዳን፣ ዳርፉር ውስጥ ያለችው የኒያላ ከተማ ልጅ ነው። የሕክምና ተማሪዎች ሳሉ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ውጪ ሻይ ከምታፈላ ሴት ዘንድ፣ አጫጭር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነው የተዋደዱት። ያኔ ማን ከየት እንደመጣ የጠየቃቸው አልነበረም። ጥያቄው የመጣው ሽማግሌ ሲላክ ነው። አጎቱና ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከዳርፉር ኦምዱርማን ድረስ መጡ። ሐጅ አልዘይን በር ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው፤ በግ አረዱላቸው፤ ምሳው ከተነሳ በኋላ ፈገግ ብለው «ልጅቷ ለአጎቷ ልጅ የታጨች ናት» አሉ። እንዲህ የሚባል የአጎት ልጅ አልነበረም። ሐጁ ሀብታቸውን ያገኙት ከምዕራቡ ገበያ ሰሊጥና ሙጫ እየገዙ ነው። ከምዕራብ ሰው ጋር ዕድሜ ልካቸውን በልተዋል፣ በአንድ ምንጣፍ ሰግደዋል። ልጅ መስጠት ግን ሌላ ነው። ሲታና በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል ሁሉንም ሰማች፤ ወጥታ «ውሸት ነው» ልትል ትችል ነበር። አልወጣችም።

አብከር ህንድ ሄዶ ልብ መቅደድና መስፋት ተምሮ ተመለሰ። ሥራ ያገኘው እሷው ካለችበት ሆስፒታል ሆነ። እሱም አላገባም፣ እሷም አላገባችም። ከተመለሰ ወዲህ ግን «ዶክተር» እና «እርስዎ» እንጂ ሌላ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ ዓይኑ ፊቷ ላይ ደርሶ፣ የነካው ነገር ትኩስ እንደሆነበት ሰው ወዲያው ይመለሳል።

በሩ ተንኳኳ። እሱ ነበር፤ ረጅም፣ ትከሻው ትንሽ የጎበጠ፣ አረንጓዴ የቀዶ ጥገና ልብሱን እንደለበሰ።

«ሰላም ዐለይኩም፣ ዶክተር። አባትዎን አዩዋቸው?»

«ወዐለይኩም ሰላም። አየሁ።»

«ነገ ጠዋት አስገባቸዋለሁ። ሕመሙ ተኝተው ሳሉም ይነሳባቸው ጀምሯል። ጊዜ የለንም።»

«አይክፈቷቸው» አለች።

ቀስ ብሎ ከጎኗ መጥቶ ቆመ። ነጠብጣቦቹን አሳየችው። ጎንበስ ብሎ ብዙ አያቸው።

«ብረቶቹ ቅርብ ናቸው» አለ። «ስሯ ግን ከነሱ በታች ልትሆን ትችላለች። ይሄ ሁሉ ደግሞ ጠባሳ ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል እያሉ ነው በመጋዝ የሚገቡት?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«በማቅለሚያ መድኃኒት ደግሜ ላንሳቸው። ያኔ ስሯ ታበራለች፤ የት እንዳለች እናያለን።»

«ኩላሊታቸውን ያውቁታል አይደል? ስኳሩ በልቶ ጨርሶታል። በቀደም በእጃቸው በኩል ቱቦ ገብቶ ልባቸው ሲታይ ያንኑ መድኃኒት ወስደዋል። ሳያገግሙ ሌላ ብንደግምባቸው ኩላሊቱ ቀጥ ይላል። አይሆንም። እኔ በቀስታ እከፍታለሁ። እጄን አምነዋለሁ።»

ሲታና ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ ራሷን ነቀነቀች። «እኔ አላምነውም።»

ቀና ስትል የአብከር ፊት ተለውጧል።

«ወንድምሽ ማሙን ትናንት ኮሪደር ላይ ሲናገር ሰምቼዋለሁ» አለ። «ያ የምዕራብ ሰው እጁን አባቴ ላይ አያሳርፍም ሲል። ድምፁን ዝቅ እንኳ አላደረገም። ከሱ አልገረመኝም። እንዲያ ከሆነ አንቺም እንደ ወንድምሽ ፊት ለፊት ንገሪኝ እንጂ በምስል አታሳብቢ።»

«አብከር፣ እኔ ያልኩት…»

«መድኃኒቱን እኔ አላዝም። አንቺ ሐኪምም ነሽ ልጅም ነሽ። ሄደሽ አባትሽን ጠይቂ። እሳቸው እሺ ካሉ አልከለክልም።»

በሩን ሳይዘጋ ሄደ። ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ «አንቺ» ቢላት ብላ ተመኝታለች። ዛሬ «አንቺ» አላት፤ ቃሉም እንደ ጥፊ ፊቷ ላይ ቀረ።

*

ሐጅ አልዘይን ትራስ ተደግፈው፣ የሆስፒታሉን ምስር በማንኪያ እያገላበጡ አገኘቻቸው። ነጭ ጥምጣማቸውን አልጋ ላይ ሆነውም አልፈቱትም። ያለ ጥምጣም ሐኪም ፊት መቅረብ ያለ ሱሪ እንደመቅረብ ነው ባይ ናቸው።

«ይሄን ምስር ያበሰለው ሰው ልብ የለውም» አሉ። «እዚህ ሆስፒታል ውስጥ መጀመሪያ መታከም ያለበት እሱ ነው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ብረቶቹን፣ ስሯን፣ መጋዙን። መድኃኒቱ ኩላሊታቸውን ሊጎዳ እንደሚችልም አልደበቀችም። አባቷ ማንኪያውን አስቀመጡ።

«የሚከፍተኝ ያ ያንቺው ሰውዬ ነው አለኝ ማሙን።»

«አዎ፣ እሱ ነው አባዬ።»

«እኮ። እሱ ምን ይላል?»

«መድኃኒቱ አይሰጥ ይላል። በቀስታ እከፍታለሁ ነው የሚለው።»

«እጁ እንዴት ነው?»

«እንደሱ የሚሰፋ እዚህ አገር አላየሁም።»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ውጪ አቧራ ተነስቶ ሰማዩን ቡናማ አድርጎታል። ስለዚያ ምሳ፣ ስለዚያ የሌለ የአጎት ልጅ አንድ ነገር የሚሉ መስሏት ትንፋሿን ያዘች። አላሉም። እሷም አልጠየቀችም።

«አንቺስ? አንቺ የታየሽ ምንድነው?»

«አልታየኝም። የጨነቀኝ አለማየቴ ነው።»

«እንግዲያው እዪ» አሉ። «ሳያይ ቤቴ ገብቶ ግድግዳ የሚያፈርስ ግንበኛ አላስገባም። አንቺ እዪና ንገሪው።»

ማሽኑ ላይ ራሷ አስተኛቻቸው። ጥምጣሙን ፈትታ ራሷ አጣጠፈችው። ከታች ያለው ፀጉር እንዲህ መሳሳቱን አታውቅም ነበር። ክንዳቸው ላይ መርፌው ሲገባ አላዩትም፤ እሷን ነው ያዩት። ከመስታወቱ ጀርባ ሄዳ በማይክሮፎኑ አነጋገረቻቸው።

«አሁን ሙቀት ይሰማሃል፤ አትደንግጥ። በረጅሙ ሳብ አድርግ። ያዝ። አትልቀቅ።»

መድኃኒቱ ገባ። ስክሪኑ ላይ የአባቷ ልብ ከጨለማው ውስጥ በነጭ እያበራ ወጣ። ዋሻዎቹ፣ ቧንቧዎቹ፣ ቀጭኗ ስር። ስሯ ከግራ ተነስታ ወደ መሃል ታጥፋ ትመጣለች፤ ከፍርምባው ጀርባ ሄዳ ትለጠፋለች፤ በአጥንቱና በሷ መካከል ምንም የለም።

«ሲታና፣ ልተንፍስ?» አሉ አባቷ በድምፅ ማጉያው።

ረስታቸው ነበር። «ተንፍስ፣ አባዬ» አለች፤ እሷም አብራ ተነፈሰች። ልክ ነበረች። ልክ በመሆኗ ደስ አላት፤ ደስ በመሰኘቷም ወዲያው ፍርሃት ገባት።

*

አብከርን አስጠራችው። መጥቶ ከኋላዋ ቆመ፤ ምንም ሳትናገር ምስሉን አሳለፈችለት። ስሯ አጥንቱን በምትነካበት ቦታ ላይ ስትደርስ አቆመች።

«ብከፍት ኖሮ» አለ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ፣ «ገና አጥንቱ ሳይላቀቅ እቆርጣት ነበር። እጄ ምንም አይፈይድም ነበር።»

«አላምነውም ያልኩህ ምስሉን ነው» አለች ሳትዞር። «ግራጫውን ምስል። እጅህን አይደለም። እጅህን ተጠራጥሬው አላውቅም።»

ወንበር ሳብ አድርጎ ከጎኗ ሲቀመጥ ሰማችው። ትከሻውና ትከሻዋ አልተነካኩም፤ በመካከል የቀረው ቦታ ግን ቆዳዋ ላይ ይታወቃት ነበር።

«ይቅርታ» አለ። «እሺ። በፊት በኩል መግባት ቀረ። በግራ ጎን፣ በጎድን አጥንቶቹ መሃል ብገባስ? ደም የሚያንሰው የልቡ ጎን በዚያ በኩል ነው። ልቡን ሳላቆም፣ እየመታ፣ ከእግራቸው ሌላ ስር ወስጄ እቀጥልለታለሁ። ደሙን የማመጣው ከጀርባ ከሚወርደው ትልቁ ቧንቧ ነው።»

«ቧንቧው ኖራ ነው። መርፌህን የምትሰካበት አታገኝም፤ ኖራው ከተፈረፈረ ወደ አንጎል ወይ ወደ እግር ይሄዳል።»

«ሁሉም ቦታ ነው?»

«ቆይ።»

ቧንቧውን በስክሪኑ ላይ አዞረችው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከፊት ወደ ኋላ። ነጭ፣ ነጭ፣ እንደገና ነጭ። ከዚያ፣ ከሳንባው ስር ዝቅ ብሎ፣ የሳንቲም ያህል ንጹሕ ቦታ ተገኘ።

«እዚህ» አለ ጣቱን አስጠግቶ።

«እሱ አይደለም፤ እሱ ጥግ ላይ ኖራ አለው። ትንሽ ወደ ታች። እ… እዚያ።»

«እዚህ?»

«እዚያ።»

ጣቱ ስክሪኑ ላይ፣ የሷ ጣት ከሱ አጠገብ። ሁለቱም ለማንሳት አልቸኮሉም። ከየትኛው ጎድን በላይ እንደሚገባ፣ ስሩ ምን ያህል መርዘም እንዳለበት፣ ሳንባውን ወዴት እንደሚገፋው ሲነጋገሩ ብዙ ቆዩ። ስለሌላ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ሊሄድ ሲነሳ ግን በሩ ላይ ቆም አለ።

«ህንድ ሳለሁ አንቺ ተድረሻል ብለውኝ ነበር» አለ።

«ለማን?»

«ለአጎትሽ ልጅ።»

ሲታና መሳቅ ፈልጋ አልቻለችም። «አጎቶቼ ሴት ልጆች ብቻ ነው ያሏቸው» አለች።

አብከር የበሩን እጀታ እንደያዘ አያት። ዓይኑን አልመለሰም። ይህ እይታ ያለፉትን ዓመታት ሊክስ አይችልም፤ ሲታናን ግን ለዚያች ቅጽበት ካሳት።

*

ቀዶ ጥገናው እንዳቀዱት ሄደ። አብከር ወጥቶ ለማሙንና ለእናቷ ለሓጃ በቱል ሲነግር ከንፈሩ ደርቆ፣ ግንባሩ ላይ የቆቡ ምልክት ቀርቶ ነበር። «ልባቸው ደም አግኝቷል» አለ። ማሙን ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ሓጃ በቱል ግን «አላህ እጅህን ይባርከው» አለችው፤ አብከርም ወደ መሬት አየ።

ሐጁ ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁት ጥምጣማቸውን ነው። ሲታና አሰረችላቸው። አብከር ሊያያቸው ሲመጣ ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ሐጅ።»

«በጎን በር ገባህ አሉኝ።»

«የፊቱ በር ተዘግቶብኝ ነው።»

ሽማግሌው ሳቅ ቢጤ ሞከራቸው፤ ስፌቱ ያዛቸውና ተዉት። ሲታና በዚያ ሳቅ ላይ አንድ ቤት ሙሉ ሠራች። ነገ ሲሻላቸው፣ ከነገ ወዲያ ቤት ሲገቡ፣ አንድ ቀን የጋብቻውን ነገር ራሳቸው ሲያነሱት እያለች።

በማግስቱ የሽንት ከረጢቱ ባዶ ነበር። በሚቀጥለውም ቀን ባዶ ነበር። ፊታቸው አበጠ፤ እግራቸው አበጠ፤ ንግግራቸው ተወላገደ። የኩላሊት እጥበት ተጀመረላቸው፤ ገና የተሰፋው ሰውነታቸው ግን እጥበቱን አልቻለውም። የደም ግፊታቸው በየጊዜው ይወርዳል። ልባቸው፣ ያ የተፈራው ልብ፣ እስከ መጨረሻው ሳይሰናከል ይመታ ነበር። ሲታና ማሳያው ላይ መስመሩን ስታይ መስመሩ የሚሰድባት ይመስላት ጀመር።

አብከር በነዚያ ቀናት ሸሻት። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚገባው እሷ ስትወጣ ጠብቆ ነው። አንዴ ደረጃ ላይ ተገናኝተው «አብከር» ስትለው «አሁን አይደለም፣ ሲታና» ብሎ አለፋት። ገባት። አይሆንም ብሏት ነበር፤ አልሰማችውም። አባቷን ያጠፋችው እሷ መሆኗን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እንዴት ዓይኗን ሊያይ ይችላል?

ሐጅ አልዘይን ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በፊት ዐረፉ። ሲታና አላለቀሰችም። ማልቀስ ለተበደለ ሰው ነው የሚገባው አለች በልቧ፤ ለበደለ አይደለም።

*

ኦምዱርማን ቤታቸው በር ላይ ድንኳን ተተከለ። ወንዶቹ በድንኳኑ ውስጥ በተደረደሩት ወንበሮች ላይ፣ ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ሓጃ በቱል ነጭ የሐዘን ቶብ ለብሳ በውስጠኛው ክፍል በጠፍር አልጋ ላይ ነበረች። ሲታና የውሃ ማሰሮዎቹ አጠገብ፣ ከድንኳኑ በሚለየው የአጥር ግንብ ጥግ ቁጭ ብላለች። የማሙን ድምፅ ከግንቡ ማዶ ጥርት ብሎ ይሰማታል። ለዘመዶቹ እያወራ ነው።

«ልቡ ደህና ነበር፣ ወላሂ። ኩላሊቱን ነው የገደሉት። አንድ የሚያበራ መድኃኒት አለ፣ ለታመመ ኩላሊት መርዝ ነው አሉኝ። ያንን ማን አዘዘው ብዬ ሐኪሙን ራሱን ጠየቅኩት። ዓይኔን እያየ ምን አለኝ? እኔ ነኝ አለኝ። እኔ ነኝ ያዘዝኩት፣ ከኔ ሌላ ማንም የለበትም አለኝ! ያኔ አባቴ ልጅ ስለከለከለው ቂሙን ሲጠብቅ ኖሮ…»

ሲታና የያዘችው ኩባያ ከእጇ ወደቀ። ውሃው ምንጣፉን አልፎ እግሯ ስር ፈሰሰ። የሸሻት ለዚህ ነበር። አብራው ከታየች፣ አንድ ሰው ከጠየቃት፣ እውነቱን እንዳትናገር ብሎ ነበር። ጥፋቷን ተሸክሞላት ነው ፊቱን ያዞረባት።

ከማዶ ያለው ወሬ ድንገት ተቋረጠ። ወንበሮች ተንቋቁ። ሲታና ተነስታ በግቢው በር ተመለከተች።

አብከር ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆሟል። «አል ፋቲሓ» አለና ሁለት መዳፎቹን ከፍቶ ወደ ላይ አነሳ። የመጣ ሰው እንዲህ ሲል ሐዘንተኛው ይነሳል፤ እሱም መዳፉን ከፍቶ ለሟች አብሮት ይጸልያል። ጠላትም ቢሆን ይነሳለታል። ማሙን አልተነሳም። እግሩን አነባብሮ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ሊነሱ የነበሩት ዘመዶችም ማሙንን አይተው ወንበራቸው ላይ ተመለሱ። አብከር እጆቹ በአየር ላይ እንደተዘረጉ ብቻውን ቆመ። አላወረዳቸውም።

የሲታና እግር ራሱ ነው የሄደው። ከኋላዋ አንዲት አክስቷ «ልጄ፣ ወዴት ነው? ወንዶች አሉ!» ስትል ሰማች። የግቢውን ደፍ ተሻገረች። በወንበሮቹ መሃል፣ በተቀመጡት አጎቶቿ ፊት፣ በጎረቤቱ ሁሉ ፊት አልፋ ከአብከር ፊት ለፊት ቆመች። መዳፎቿን ከፈተች።

«መድኃኒቱን ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለች።

«ሲታና!» ማሙን ብድግ አለ። «ግቢ! ሴቶቹ ጋ ግቢ!»

«እሱ አይሆንም ብሎኝ ነበር። ኩላሊታቸውን ይገድለዋል አለኝ። እኔ ነኝ አባዬን ሄጄ የጠየቅኩት፤ መርፌውንም በኔ ትእዛዝ ነው የወጉት። አባዬን ማንም ሌላ ሰው አልገደለውም፣ ማሙን። ቂም የያዘ ሰው የለም። የሚሰደብ ከፈለግክ እኔን ስደበኝ።»

«ለሱ ብለሽ ነው የምትዋሺው!»

«በአባቴ መቃብር። ገና አፈሩ አልደረቀም።»

አብከር «ሲታና፣ ተይ» አለ በሹክሹክታ፤ «ተይ፣ እባክሽ።» አልተወችም። ዓይኗን ጨፍና ፋቲሓን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በልቧ አነበበች፤ ስትጨርስ መዳፎቿን ፊቷ ላይ አወረደች። እሱም አወረደ። ማሙን ወንበሩን በእግሩ ገፍቶ ወጥቶ ሄደ። አንድም ሰው ከመቀመጫው አልተነሳም፤ አንድም ሰው ግን ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም።

አብከር ዞሮ ወጣ።

ሲታና ወደ እናቷ ክፍል ገባች። ሓጃ በቱል ሁሉንም ሰምታለች፤ በዚያ ቤት ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። ሲታና መሬት ላይ ተንበረከከች። ትመታኛለች ብላ ነበር፤ ወይም ታባርረኛለች። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አንቺ ነሽ?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ እማ።»

«እሱ ያውቅ ነበር? አባትሽ?»

«ሁሉንም ነግሬዋለሁ። እዪ አለኝ።»

እናቷ ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ያን ቀን አላለችውም፤ ለብዙ ጊዜም አላለችውም።

«ሰውየው» አለች፣ «ውሃ ቀርቦለታል?»

«አልቀረበለትም።»

«ለባሌ ሐዘን መጥቶ ከንፈሩን ሳያርስ ከደጄ አይሄድም። ተነሺ። ውሰጂለት።»

ሲታና ከማሰሮው ውሃ ቀድታ በሰፊ የቆርቆሮ ሳህን ይዛ ወጣች። ወንዶቹ እያዩዋት ድንኳኑን አለፈች። አብከር ገና አልሄደም፤ መንገዱ ማዶ መኪናው አጠገብ ቆሟል። ቁልፉን በሩ ላይ ሊሰካ ይሞክራል፤ ቁልፉ ቀዳዳውን ይስታል። የሚመታ ልብ ላይ ሲሰፋ ያልተንቀጠቀጠው እጅ አሁን አልታዘዝ ብሎታል።

«ውሃ» አለችው።

ሳህኑን ሊቀበል እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። «ይፈስብኛል» አለ።

«እኔ እይዝልሃለሁ።»

ወደ አፉ አስጠጋችለት። ጎንበስ ብሎ ጠጣ። ከድንኳኑ የወጡ ሰዎች ይመለከቷቸው ነበር፤ ማሙንም ጥጉ ላይ ሲጋራ ይዞ ቆሟል። ከዛሬ ጀምሮ ሰላም እንደማይላት ከአቋቋሙ አወቀች።

«ገደልኩት፣ አብከር» አለች።

አፉን በጀለቢያው እጅጌ ጠረገ። «መጋዝ ብይዝ ኖሮ እኔ እገድላቸው ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ፣ ያንኑ ቀን።»

«ማን ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም።» ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅም። አልገደልሻቸውም እያልኩ ላጽናናሽ አልችልም። አብሬሽ አለማወቅ ግን እችላለሁ።»

ሲታና ባዶውን ሳህን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ያልመጣው እንባ ያኔ መጣ። በመንገድ መሃል፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አብከር አልነካትም፤ ሊነካት የሚፈቀድለት ቦታ አልነበረም። ብቻ ፀሐዩ እንዳያገኛት ቦታውን ቀየረና ጥላው በላይዋ እንዲያርፍ አድርጎ ቆመ። አልቅሳ እስክትጨርስም ከቦታው አልተነቃነቀም።